አዋጅ ያልፋል፣ መዝገብ ይቀራል
የመሬት ፖሊሲያችን ታሪክ ለነገ ምን ያስተምረናል?

ከአንድ የቀድሞ የዩኒቨርሲቲ መምህር

መግቢያ

ባለፈው ዓመት እኔ በምኖርበት ከተማ ያገር ልጆች ተሰብስበን ስለ ነገዪቱ ኢትዮጵያ ስንወያይ፣ አንድ ወጣት ወንድማችን ተነሥቶ "ሥልጣን በተያዘ በመጀመሪያው ቀን መሬት የመንግሥት ነው የሚለው አንቀጽ ይሰረዛል፤ መሬቱም ለገበሬው ይሰጣል" አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ጭብጨባው ጋብ ሲል ከኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት እጃቸውን አነሡ። "መልካም ነው ልጄ፤ በሁለተኛው ቀንስ? የትኛው መሬት ነው ለየትኛው ገበሬ የሚሰጠው? መዝገቡስ ማን ዘንድ ነው ያለው?" ሲሉ ጠየቁ። ወጣቱ "ጋሼ፣ እሱን ባለሙያዎች ይሠሩታል" ብሎ ተቀመጠ።

እንግዲህ "ባለሙያ" ከሚባሉት አንዱ እኔ ነበርኩ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ቁጭ ብዬ አንዲት ቃል አልተናገርኩም። ለብዙ ዓመታት በማስተማሪያ ክፍል ስለ መንግሥት ፖሊሲ ስናገር የኖርኩ ሰው የአዛውንቱን ጥያቄ በሁለት ደቂቃ ልመልሰው አልቻልኩም። ይህ ጽሑፍ የዚያን ቀን ዝምታ ዕዳ ለመክፈል የቀረበ ነው። ዓላማው መሬት ይሸጥ ወይም አይሸጥ ብሎ ለመፍረድ አይደለም። አንድ ፖሊሲ እንዴት እንደሚወለድ፣ እንዴት እንደሚያድግና ያወጣው መንግሥት ከወደቀ በኋላም ለምን እንደሚኖር ለማስረዳት ነው። ለአንባቢ እንዲመች የአገራችንን ነገር በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር፣ የውጪውን እ.ኤ.አ. እያልኩ አቀርባለሁ።

የፖሊሲ ታሪክ ጥናት ማለት ምን ማለት ነው?

"ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ" ይላል ያገራችን ሰው። የፖሊሲ ታሪክ ጥናት በአጭሩ ይኸው ነው። ሃሮልድ ላስዌል የተባለው አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1951 የፖሊሲ ሳይንስ የሚባለውን ሐሳብ ካስተዋወቀ በኋላ፣ ብዙዎቹ ባለሙያዎች ፖሊሲን እንደ ሒሳብ ማየት ጀምረው ነበር። ችግሩን ለይ፣ አማራጮቹን ዘርዝር፣ ወጪና ጥቅሙን አስላ፣ የተሻለውን ምረጥ። ነገሩ በወረቀት ላይ ያምራል። ይሁን እንጂ የታሪክ ሰዎች መዛግብትን ሲያገላብጡ እንዲያ ተብሎ የተሠራ ፖሊሲ ማግኘት አስቸጋሪ ሆኖባቸዋል። ሂዩ ሄክሎ እ.ኤ.አ. በ1974 የብሪታንያንና የስዊድንን የማኅበራዊ ዋስትና ታሪክ መርምሮ ያሳየው፣ ፖሊሲ የሚሠራው በሥልጣን ትግል ብቻ ሳይሆን ግራ የገባቸው ባለሥልጣናትና ሠራተኞች ካለፈው ፖሊሲ እየተማሩ በሚያደርጉት ሙከራ ጭምር መሆኑን ነው።

ሐሳቡ ከውጪ የመጣ ብቻም አይደለም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው "መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር" በተባለው መጽሐፋቸው የአገርን ድህነት ከአስተዳደርና ከግብር አከፋፈል ጋር አያይዘው መርምረዋል። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል ደግሞ "ዝክረ ነገር" በተሰኘው ሥራቸው የመሬት ስሪቱንና የግብሩን ሥርዓት አሰባስበው ባያቆዩልን ኖሮ ዛሬ ብዙ ነገር በጨለማ በቀረ ነበር።

ከዚህ የጥናት ዘርፍ ለእኛ የሚጠቅሙን ሦስት ሐሳቦች አሉ።

አንደኛው ውርስ ነው። ማንኛውም መንግሥት ሥራ የሚጀምረው ባዶ ወረቀት ላይ አይደለም። ቢሮውን፣ መዝገቡን፣ ሠራተኛውን፣ የሕዝቡን ልማድና ሥጋት ከቀደመው ይረከባል።

ሁለተኛው አጋጣሚ ነው። ጆን ኪንግደን እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ትልቅ የፖሊሲ ለውጥ የሚመጣው ሦስት ነገሮች ሲገጥሙ ነው፤ ችግሩ ሲገን፣ የተዘጋጀ ሐሳብ ሲኖርና የፖለቲካው ሁኔታ ሲፈቅድ። በሩ ለጥቂት ጊዜ ይከፈታል፤ ከዚያ ይዘጋል። በሩ ሲከፈት በእጁ የተዘጋጀ ረቂቅ የያዘ ይገባል።

ሦስተኛው ፖሊሲ ራሱ ፖለቲካ ይፈጥራል የሚለው ነው። ይህንን ሻትሽናይደር የተባለው ምሁር ገና እ.ኤ.አ. በ1935 አመልክቶ ነበር። አንድ ፖሊሲ ሲወጣ ከእሱ የሚጠቀሙ፣ በእሱ እንጀራ የሚበሉ፣ እሱ እንዳይነካ የሚቆሙ ሰዎችን ይወልዳል።

በአሜሪካ የምንኖር ወገኖች የዚህ ማስረጃ በየደመወዛችን ቀን በእጃችን ላይ ነው። ሶሻል ሴኩሪቲ እየተባለ የሚቆረጠው ገንዘብ መነሻው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1935 የፈረሙት ሕግ ነው። ሩዝቬልት ገንዘቡ ከሠራተኛው ደመወዝ እንዲቆረጥ የፈለጉት ሠራተኛው "ከፍዬበታለሁ" ብሎ መብቱን እንዲጠይቅ፣ የኋላ ፖለቲከኛም በቀላሉ እንዳያፈርሰው አስበው ነበር። እንዳሰቡትም ሆነ። ሕጉ ሲጀመር የእርሻና የቤት ሠራተኞችን ያላካተተ ጎደሎ ሕግ ነበር። ቀስ በቀስ ተስፋፍቶ እነሱንም አቀፈ። እ.ኤ.አ. በ2005 ፕሬዚዳንት ቡሽ ከፊሉን ወደ ግል ሒሳብ ለማዞር ሲሞክሩ፣ ምክር ቤቱን የያዘው የራሳቸው ፓርቲ ሆኖ ሳለ እንኳ ሐሳቡ ለድምፅ ሳይቀርብ ቀረ። ጡረተኛው የፖሊሲው ዘበኛ ሆኖ ነበርና።

አሁን በእነዚህ ሦስት መነጽሮች የራሳችንን የመሬት ነገር እንመልከት።

ርስት፣ ጉልትና ገባር

እንደሚታወቀው የቀድሞው ሥርዓት በመላ አገሪቱ አንድ ዓይነት አልነበረም። በሰሜኑ ክፍል ገበሬው በትውልድ ቆጠራ የሚያገኘው የርስት መብት ነበረው፤ ጉልት የተሰጠው ሰው ወይም ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከርስተኛው ላይ ግብር ይበላል። ከአፄ ምኒልክ ዘመን መስፋፋት በኋላ በደቡቡ ክፍል ግን መሬቱ በቀላድ እየተለካ ለወታደሩ፣ ለሹሙ፣ ለባላባቱና ለቤተ ክርስቲያኑ ተከፋፈለ፤ የአካባቢውም ሕዝብ ገባር ሆነ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የገባር ግዴታ በሕግ ቢሻርም፣ ለአርበኛው፣ ለስደተኛውና ለባለሥልጣኑ መሬት መስጠቱ ቀጠለ። ያራሹ ስም ከገባር ወደ ጭሰኛ ተለወጠ። በአንዳንድ የደቡብ ጠቅላይ ግዛቶች ከገበሬው ግማሽና ከዚያ በላይ የሚሆነው ጭሰኛ ነበር። የሲሶ አራሽ፣ የእኩል አራሽ እየተባለ የምርቱን ሲሶ ወይም ግማሽ ለባለመሬቱ ያስረክባል፤ ሥራውና ስጦታው ሲጨመርበት ከዚያም ያልፋል።

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነጥብ አለ። አንድ "የኢትዮጵያ ገበሬ" የሚባል ሰው አልነበረም። የጎጃሙ ርስተኛ የሚፈራው መሬቱ እንዳይለካበት ነው። የአርሲው ጭሰኛ የሚፈራው ከመሬቱ እንዳይነቀል ነው። ለአንደኛው መድኃኒት የሆነው ለሌላው መርዝ ሊሆን ይችላል። ይህ ልዩነት እስከ ዛሬ ድረስ በፖለቲካችን ውስጥ አለ።

ያልተሄደበት መንገድ

የታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከከሸፈ በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የመሬት ጉዳይ እንዳስፈራው በግልጽ ይታያል። ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቋመ፤ በ1958 ዓ.ም. ራሱን የቻለ የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር ተመሠረተ። ከዚያ በፊት በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች "መሬት ላራሹ" ብለው ወደ ፓርላማው ተሰልፈው ነበር።

ሚኒስቴሩ ባዶ እጁን አልነበረም። የየጠቅላይ ግዛቱን ይዞታ አስጠንቷል፤ የጭሰኛና የባለመሬት ግንኙነትን የሚመለከት ረቂቅ ሕግም ተዘጋጅቶ ነበር። ረቂቁ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ የኪራዩ መጠን ጣሪያ እንዲኖረው፣ ጭሰኛው እንደተፈለገ እንዳይባረር የሚያደርግ ልከኛ ሐሳብ ነበር። በፓርላማ ለዓመታት ተንከባለለ፤ ሳይጸድቅ ቀረ። ለመመረጥ ንብረት በሚያስፈልግበትና ባለመሬቶች በበዙበት ምክር ቤት ሌላ ምን ይጠበቃል?

በዚሁ ጊዜ በአርሲ በጭላሎ አውራጃ በስዊድን መንግሥት ርዳታ ካዱ የተባለው የእርሻ ልማት ፕሮጀክት በ1960 ዓ.ም. ተጀመረ። ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር ቀረበ፤ ምርቱም አደገ። መሬቱ ትርፍ ማስገኘት ሲጀምር ግን ባለመሬቶቹ ትራክተር እያስገቡ ጭሰኛውን ማስነሣት ያዙ። ገበሬውን ለመርዳት የታሰበ ፕሮጀክት ገበሬውን ነቀለው። የስሪቱ ሕግ ከልማቱ በፊት መቅደም ነበረበት።

በሰሜኑስ? በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ መሣሪያ ይዞ ተነሣ። አዋጁ አሥራትን የሚተካና በወረቀት ላይ ሲታይ ፍትሐዊ ሊባል የሚችል ነበር። ይሁን እንጂ ገበሬው ገማቹና ለኪው ሲመጣ "ርስቴን ሊወስዱብኝ ነው" አለ። ጥርጣሬው ከየት መጣ? በደቡብ ቀላድ ሲጣል የሆነውን ሰምቷልና! መንግሥት ጦር ልኮ፣ ኋላም ውዝፍ ግብር ምሮ፣ ሹሞችን ቀይሮ ነገሩን አበረደው። የቀደመ ፖሊሲ ትዝታ የኋላውን ፖሊሲ እንደሚያከሽፍ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ያለ አይመስለኝም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.

በ1965 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ተጋለጠ፤ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ዙፋኑ ወደቀ። ኪንግደን ያለው በር ወለል ብሎ ተከፈተ። ችግሩ አለ፤ መፈክሩ አለ፤ በሚኒስቴሩ መሳቢያ ውስጥም ጥናቱና ባለሙያው አሉ። ልከኛው ረቂቅ ግን ጊዜው አልፎበት ነበር። በወቅቱ የመሬት ይዞታ ሚኒስትር በነበሩት በአቶ ዘገየ አስፋው ዘመን የወጣው አዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠር መሬትን በሙሉ ያለ ካሣ የሕዝብ ሀብት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር፣ ማለትም ከሩብ ጋሻ የማይበልጥ መሬት እንዲሰጥ፣ መሸጥ፣ ማከራየትና ማስያዝ እንዲከለከል፣ በየ20 ጋሻው የገበሬዎች ማኅበር እንዲቋቋም ደነገገ። በሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ።

በዚያን ጊዜ ይህ ጸሐፊ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር፤ በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ አርሲ ገጠር ተልኳል። አዋጁን በአስተርጓሚ ስናነብላቸው ገበሬዎቹ ያሳዩት ደስታ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። የዘመናት ቀንበር በአንድ ቀን ተሰበረ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህንን የሚክድ ሰው ታሪክ አያውቅም። ሆኖም አንድ ጭሰኛ የነበሩ ሽማግሌ ከስብሰባው በኋላ ወደኔ ጠጋ ብለው በአስተርጓሚው በኩል "ልጄ፣ እንግዲህ ደረሰኙን ማን ነው በስሜ የሚቆርጥልኝ?" ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም "አባቴ፣ ማኅበሩ ይቆርጥልዎታል" አልኳቸው። ያኔ የመለስኩ መስሎኝ ነበር። ሽማግሌው የጠየቁኝ ግን ስለ ወረቀት አልነበረም። "መሬት ላራሹ" ሲባል መሬቱ የእኔ ነው ወይስ የሰጠኝ አካል? ነው ጥያቄው። መፈክሩ ይህንን አልመለሰም። ሁላችንም የየራሳችንን ትርጉም ይዘን አንድ መፈክር ጮኽን። አዋጁ ግን አንዱን ትርጉም መረጠ፤ ለአራሹ የመጠቀም መብት፣ ለመንግሥት ባለቤትነት።

ውጤቱ ወዲያው አልታየም። በኋላ ደርግ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ብሎ እህሉን በተወሰነ ዋጋ በኮታ ሲወስድ፣ በ1977 ዓ.ም. ሰፈራ ሲያካሂድ፣ በ1978 ዓ.ም. የመንደር ምሥረታ ብሎ ገበሬውን ከቀዬው ሲያነሣ፣ ልጁንም ለጦርነት ሲመለምል መሣሪያ የሆነው ያው የገበሬ ማኅበር ነው። መሬቱን የሚደለድል ሊቀ መንበር እምቢ የሚለውን ገበሬ እንዴት እንደሚቀጣ ያውቃል። ነፃ ለማውጣት የተቋቋመው ቢሮ የመቆጣጠሪያ ቢሮ ሆነ።

ደርግ ወደቀ፣ አዋጁ ግን ቆመ

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ሐውልቱ ፈረሰ፤ መፈክሩ ተፋቀ፤ ሠራዊቱ ተበተነ። የመሬት ፖሊሲው ግን አልተነካም። የሽግግር መንግሥቱ በ1984 ዓ.ም. ያወጣው የኢኮኖሚ ፖሊሲ መሬትን በመንግሥት እጅ አቆየው፤ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ብሎ አጸናው። ደርግን በደም ተዋግቶ የጣለ ድርጅት የደርግን ትልቁን አዋጅ በሕገ መንግሥት ደረጃ ከፍ አደረገው። ለምን?

ኢሕአዴግ የሚሰጠው ምክንያት ግልጽ ነበር፤ ገበሬው በችግር ጊዜ መሬቱን ሸጦ ወደ ከተማ ይፈልሳል፣ መሬቱም በጥቂት ሀብታሞች እጅ ይገባል የሚል። ይህ ሥጋት ባዶ ነው ለማለት አልደፍርም፤ የካዱን ታሪክ ከላይ አይተናል። ነገር ግን የፖሊሲ ታሪክ ሌሎች ሦስት ምክንያቶችን ያሳየናል። አንደኛ፣ አዋጁ ከወጣ 20 ዓመት ሞልቶት ነበር፤ በእሱ ሥር መሬት ያገኘ ትውልድ አድጎ ወልዷል፤ "የቀድሞው ባለመሬት ሊመለስ ነው" የሚለው ፍርሃት ጽኑ ነው። ሁለተኛ፣ ቀበሌውና የገበሬ ማኅበሩ በየመንደሩ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። መሬት የሚያድል ቢሮ ድምፅም ያስገኛል። ሦስተኛ፣ ሕገ መንግሥቱ በ1967ቱ አዋጅ ላይ አዲስ ነገር ጨመረበት። መሬት የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች የጋራ ንብረት ሲባል የይዞታ ጥያቄ ከማንነት ጥያቄ ጋር ተቆላለፈ። በ2004 እና በ2005 ዓ.ም. ከጉራ ፈርዳና ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ በሺህ የሚቆጠሩ የአማራ ገበሬዎች ሲባረሩ ያየነው የዚህ መቆላለፍ ውጤት ነው።

"ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም" የምንለው ለዚህ ነው። ብዙ ጊዜ ይህንን ተረት የምንጠቅሰው የገዢዎችን ክፋት ለመናገር ብቻ ነው። እኔ ግን ሌላም ትምህርት አይበታለሁ። ጉልቻው የሚለዋወጠው በዚያው ምድጃ፣ በዚያው ጭስ ውስጥ ነው። ምድጃውን ያላየ አብሳይ ያንኑ ወጥ ይሠራል።

አዋጁ ሳይሰረዝ እንዴት ተለወጠ?

አንቀጹ ባይነካም ፖሊሲው ባለበት ቆሟል ማለት አይደለም። አንዱ ሕግ በሌላው ላይ እየተደረበ ውስጡ ተለውጧል።

በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተካሄደው ድልድል በደርግ ጊዜ የማኅበር አመራር የነበሩ ገበሬዎች "ቢሮክራት" ተብለው መሬታቸው ተቆርሶ ተወሰደ። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 89፣ ቀጥሎም በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 456 የገጠር መሬት አስተዳደርን ለክልሎች በዝርዝር ሰጡ። በትግራይ በ1990 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ወደ አማራ፣ ኦሮሚያና ደቡብ ተስፋፍቶ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ወረቀት በእጃቸው ገባ፤ በብዙ ቦታም የባልና የሚስት ስም በጋራ ተመዘገበ። ይህ በጎ ሥራ ነው፤ ተቃዋሚ መሆን ማለት በጎውን በጎ አለማለት አይደለም። በሌላ በኩል በአንዳንድ ክልሎች ሕግ ገበሬው ቀዬውን ትቶ ሌላ ሥራ ከያዘ ይዞታውን ያጣ ነበር። ሰውን በመሬቱ ላይ የሚያስር ሕግ ገበሬውን ጠበቀ ወይስ ቆለፈበት?

በከተማው ደግሞ በ1986፣ በ1994 እና በ2004 ዓ.ም. የወጡት የሊዝ አዋጆች መሬትን በተግባር ዋጋ ያለው ሸቀጥ አደረጉት፤ ዋናው ሻጭ ግን መንግሥት ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የማስለቀቂያና የካሣ አዋጅ ገበሬው የሚካሰው ለሰብሉና በመሬቱ ላይ ላፈራው ንብረት እንጂ ለመሬቱ ዋጋ እንዳልሆነ ደነገገ። ለከተማ ዳር ገበሬ በጥቂት ብር የተወሰደው መሬት በሊዝ ስንት እንደተሸጠ እሱም ልጁም ያውቃሉ። የአዲስ አበባና የዙሪያው የኦሮሚያ ከተሞች ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ያስነሣው ቁጣ ሥሩ እዚህ ላይ ነው። ፕላኑ በጥር 2008 ዓ.ም. ቢሰረዝም ተቃውሞው አላቆመም፤ ኢሕአዴግን ካናወጡት ነገሮች አንዱ ሆነ።

ኢሕአዴግ በ2012 ዓ.ም. ፈርሶ በብልጽግና ፓርቲ ተተካ። አንቀጽ 40 ግን አሁንም በቦታው አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1324 ገበሬው የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና እንዲያስይዝ ፈቀደ፤ ሌላ ድርብ ማለት ነው። በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሲጀመር ፒያሳና ሌሎች ሰፈሮች በፍጥነት ፈረሱ። ከተነሡት ብዙዎቹ የቀበሌ ቤት ተከራዮች ነበሩ። የቀበሌ ቤት የሚባለው ነገር ከየት መጣ? ከአዋጅ ቁጥር 47! በ1967 ዓ.ም. ለድሃው ተብሎ የተወረሰው ቤት፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ድሃውን በአጭር ማስጠንቀቂያ ለማስነሣት ምቹ ሆነ። ባለቤቱ መንግሥት ነውና!

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይላል?

በ1997ቱ ምርጫ የመሬት ባለቤትነት በቴሌቪዥን ክርክር ሕዝብ ፊት ቀርቦ ነበር። ቅንጅት የግል ባለቤትነትን ደገፈ፤ ኢሕአዴግ "ገበሬውን ሊያፈናቅሉት ነው" አለ። እንደማስታውሰው ክርክሩ "ይሸጥ፣ አይሸጥ" በሚል ጠባብ በር ላይ ተገትሮ ቀረ። ዛሬም በውጪ የምንጽፋቸው ፕሮግራሞች ከዚያ በር ብዙ አልራቁም። በዚህ ጸሐፊ እምነት ማንኛውም የተቃዋሚ ድርጅት የመሬት ፕሮግራሙን ሲያቀርብ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ልንጠይቀው ይገባል።

1ኛ. የትኛውን መዝገብ ትረከባለህ? በየወረዳው ያለው የይዞታ መዝገብ ተቃጥሎ፣ ተሰርዞ ወይም በጦርነት ጠፍቶ ከሆነ በምን ትተካዋለህ?

2ኛ. ዛሬ በአንቀጽ 40 የሚጠቀመው ማን ነው? ካድሬው ብቻ ሳይሆን ሌላ ቦታ መሬት ሊያገኝ የማይችል ድሃ ገበሬም አለበት። እሱን ምን ትለዋለህ?

3ኛ. የጎጃሙንና የአርሲውን ገበሬ ልዩ ልዩ ትዝታ በአንድ አዋጅ እንዴት ታስታርቃለህ?

4ኛ. በሽያጭና በክልከላ መካከል ያሉትን መንገዶች አጥንተሃል ወይ? የረጅም ዘመን ኪራይ፣ የማይነጠቅ የዘላለም ይዞታ፣ የገበያ ዋጋን የተከተለ ካሣ፣ በችግር ጊዜ እንዳይሸጥ የሚጠብቅ የብድር ሥርዓት ሁሉም አንቀጹ ከተሻረ በኋላም ሆነ ሳይሻር ሊሠራባቸው የሚችሉ ናቸው።

5ኛ. ነገ በሩ ሲከፈት በእጅህ የተዘጋጀ ረቂቅ አለህ? ወይስ እንደ 1967ቱ መፈክር ብቻ?

የመጨረሻው ጥያቄ ይከብደኛል። የኛ ትውልድ በ1960ዎቹ "መሬት ላራሹ" ሲል ሐቅ ነበረው። የጎደለው ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ነበር። ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር ያልጻፈ ንቅናቄ፣ ሌላው ይጽፍለታል። ደርግ የጻፈልን እንዲህ ነው።

መደምደሚያ

አንድ ተግባራዊ ሐሳብ ላቅርብና ልሰናበት። በቀድሞው የመሬት ይዞታ ሚኒስቴር፣ በካዱ፣ በየጠቅላይ ግዛቱ ግምጃ ቤትና ፍርድ ቤት የሠሩ ሰዎች ዛሬ አብዛኞቹ አልፈዋል። የቀሩት በስምንተኛውና በዘጠነኛው አሥርት ዕድሜያቸው ላይ ናቸው፤ ጥቂቶቹ በየምንኖርበት ከተማ ከልጆቻቸው ጋር አሉ። በየእሑዱ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በየዓርቡ በመስጊድ እናገኛቸዋለን። ልጆች፣ እባካችሁ ድምፅ መቅጃችሁን ይዛችሁ ጠይቋቸው። ያ ረቂቅ ሕግ በፓርላማ ለምን ቀረ? ማን ምን አለ? ግምቱ እንዴት ይካሄድ ነበር? በሻንጣ ውስጥ ያለ አሮጌ የግብር ደረሰኝ፣ የመሬት ካርታ፣ የውርስ ክርክር መዝገብ ካለ አትጣሉት፤ ቅጂውን ለሚያስቀምጥ ቤተ መጻሕፍት ስጡ። ነገ ለሚጻፈው ፖሊሲ ይህ ቀለብ ነው።

ያን ዕለት በአዳራሹ የጠየቁትን አዛውንት ከስብሰባው በኋላ በር ላይ አግኝቼ ስማቸውንና የት ይሠሩ እንደነበር ጠየቅኋቸው። በንጉሡ ዘመን በአንድ አውራጃ የግብር መዝገብ ጸሐፊ እንደነበሩ ነገሩኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ቤታቸው እንድሄድ ቀጠሮ ይዘን ነበር። ሄጃለሁም። ሦስት ሰዓት ሙሉ ነገሩኝ፤ ግማሹን እንኳ አልጨረስንም። ወጣቱንም ወንድማችንን በሁለተኛው ቀጠሮ ይዤው ሄድኩ። እሱም "ጋሼ፣ መዝገቡ ማን ዘንድ እንዳለ አሁን ገባኝ" አላቸው።

ቸር ይግጠመን።